ጊዜያዊ ሐኪም በገጠር ሆስፒታል፦ ከጥሪው እስከ ርክክቡ ያለው ሥራ

በሩቅ ወረዳ የሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሐኪም ሲጎድልበት ያለው ምርጫ ጠባብ ነው። ወይ ቋሚ ቅጥር እስኪሟላ ድረስ አገልግሎቱን አቋርጦ ታካሚውን ወደ ሩቅ ከተማ ሪፈር ይላል፣ ወይ ለተወሰኑ ሳምንታት ወይም ወራት ከሌላ ቦታ ሐኪም ያስመጣል። ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ሲሆን፣ የተጻፈውም ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ ለሜዲካል ዳይሬክተሮች እና ለወረዳና ለዞን ጤና ኃላፊዎች ነው።

በእኛ አገር ጊዜያዊ ሐኪም በሦስት መንገድ ይገኛል። የመጀመሪያው ከሌላ የመንግሥት ሆስፒታል በትብብር ደብዳቤ ለጥቂት ጊዜ የሚላክ ሐኪም ነው። ሁለተኛው በራሱ ፈቃድ በአጭር ጊዜ ውል የሚቀጠር ነው። ሦስተኛው በበጎ ፈቃድ የሚመጣ ሲሆን፣ በውጭ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። የሦስቱም አመጣጥ ቢለያይም ችግራቸው አንድ ነው፦ ሐኪሙ ታካሚውን አያውቅም፣ ሆስፒታሉን አያውቅም፣ የጀመረውንም ሕክምና ሳይጨርስ ይሄዳል። ስለዚህ የታካሚውን ጉዳይ ይዞ መቆየት ያለበት ሆስፒታሉ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሥራ ሁሉ ከዚህ አስተሳሰብ የሚነሳ ነው።

1. ክፍተቱን በሐኪም ቁጥር ሳይሆን በአገልግሎት መለየት

«ሐኪም አጥሮናል» የሚል ደብዳቤ ለማንም ብዙ አይነግርም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሐኪሙ ባለመኖሩ የትኛው አገልግሎት፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚቋረጥ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ተቋም ነው። የተመላላሽ ሕክምና ክፍሉ በጤና መኮንንና በነርስ ለጥቂት ሳምንታት ሊሸፈን ይችላል። ምጥ የጠናባትን እናት በሌሊት በቀዶ ሕክምና የሚያዋልድ ሰው ከሌለ ግን ክፍተቱ በማግስቱ ሕይወት ያስከፍላል።

የተሟላ ድንገተኛ የወሊድ አገልግሎት የሚባለው 9 ተግባራትን የያዘ ነው። ሰባቱ በጤና ጣቢያ ደረጃም የሚሰጡ ሲሆኑ፣ ሆስፒታሉን የሚለዩት ሁለቱ ቀዶ ሕክምናና ደም መስጠት ናቸው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ሰው አይሠሩም። ቀዶ ሐኪሙ ወይም የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ኦፊሰሩ ቢገኝም የማደንዘዣ ባለሙያ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ፣ ኦክስጅን፣ የሚሠራ ጄኔሬተርና ከደም ባንክ የመጣ ደም ካልተሟሉ የመጣው ሰው ስልክ እየደወለ ሪፈር የሚጽፍ ሆኖ ይቀራል። በመሆኑም ከጥሪው በፊት የእነዚህ ዝርዝር አንድ በአንድ ይፈተሻል። የማደንዘዣ ባለሙያው በዓመት ፈቃድ ላይ ከሆነ የሚፈለገው ጊዜያዊ ሐኪም ሳይሆን ጊዜያዊ የማደንዘዣ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይለዩ ሐኪም ማስመጣት ገንዘብን በከንቱ ማፍሰስ ነው።

እዚህ ላይ የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ኦፊሰሮችን መርሳት አይገባም። የጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለወሊድ የሚያሠለጥነው ይህ መርሐ ግብር የተጀመረው ገጠሩን ታስቦ ነው፤ በአጎራባች ወረዳ ያለ ኦፊሰር ለሁለት ሳምንት ተውሶ ማምጣት ከአዲስ አበባ ሐኪም ከማስመጣት ብዙ ጊዜ ይቀላል።

አብዛኛው ክፍተት ደግሞ ድንገተኛ አይደለም። የወሊድ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ፣ ለስፔሻላይዜሽን ትምህርት የሚወጡ ሐኪሞች፣ የሥራ ውላቸውን የሚጨርሱ ሐኪሞች ሁሉ ከወራት በፊት የሚታወቁ ናቸው። የሰው ሀብት ክፍሉ በነሐሴ ወር የቀጣዩን ዓመት የመቅረት ዕድል የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ቢያዘጋጅ፣ ሆስፒታሉ ሐኪም የሚፈልገው በጭንቅ ቀን ሳይሆን በጊዜው ይሆናል።

2. ጊዜውን ከወቅቱና ከበጀት ዓመቱ ጋር ማገናዘብ

ጊዜያዊ ሐኪም መቼ እንደሚያስፈልግ ሲወሰን የወረዳው የበሽታ ወቅት ከግምት መግባት አለበት። ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ የወባ አካባቢዎች ዋነኛው የወባ ወቅት ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ ነው፤ በአንዳንድ ቦታዎች ከበልግ ዝናብ በኋላም ይከሰታል። በእነዚህ ወራት ቋሚ ሐኪምን ፈቃድ ማስወጣትና በአዲስ ሰው መተካት አይመከርም። መንገድ በክረምት የሚቆረጥበት ወረዳ ደግሞ ጊዜያዊው ሐኪም የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን ከጎርፉ ጋር እንዳይጋጭ ማሰብ ይኖርበታል፤ ተተኪው መንገድ ላይ ተይዞ ተሰናባቹ የወጣበት ሳምንት ከሁሉ የከፋ ነው።

ሌላው ብዙ ሆስፒታል የሚሰናከልበት ጉዳይ የበጀት ዓመቱ ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። በሰኔ አጋማሽ የተፈረመ የሁለት ወር ውል የመጀመሪያው ክፍያ ከአንዱ በጀት፣ ሁለተኛው ከሌላው ስለሚወጣ፣ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ድረስ ሐኪሙ ያለ ክፍያ ይቆያል። ከተቻለ ውሉን በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ማጠቃለል፣ ካልተቻለ ደግሞ ሁለት ውል አድርጎ ለእያንዳንዱ ምንጩን ቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

3. ገንዘቡን ማስላት

ወጪው የሐኪሙ ቀን ክፍያ ብቻ አይደለም። የመጓጓዣ፣ የቤት፣ የዲዩቲ (ከመደበኛው ሰዓት ውጭ ያለ ተረኝነት) ክፍያ፣ የስልክ፣ እንዲሁም ሐኪሙ ባለበት ጊዜ የሚጨምረው የመድኃኒትና የላቦራቶሪ ፍጆታ አብሮ ይሰላል። ምንጩ ከመደበኛ በጀት፣ ከሆስፒታሉ የውስጥ ገቢ ወይም ከአጋር ድርጅት ሊሆን ይችላል። ከውስጥ ገቢ የሚከፈል ከሆነ የሆስፒታሉ ቦርድ በቃለ ጉባኤ ማጽደቅ አለበት፤ ቃለ ጉባኤው መጠኑን፣ ጊዜውንና የሥራ መደቡን በግልጽ ካልያዘ ኦዲተር በሚመጣበት ጊዜ ጥያቄው ሥራ አስኪያጁ ላይ ያርፋል። ክፍያው እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ የሥራ ግብር የሚቆረጥበት ወይም እንደ አገልግሎት ግዥ ተቆጥሮ በቅድሚያ ግብር የሚያዝበት መሆኑንም ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ ሐኪሙ በእጁ የሚገባውን ቁጥር ሳያውቅ መምጣት የለበትም።

ስለ ክፍያ አወሳሰን ሁለት ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። አንደኛው፣ በቀዶ ሕክምና ብዛት ክፍያ አለመወሰን ነው። በቁጥር የሚከፈለው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ማዋለድ የሚቻለውን ወሊድ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ለመውሰድ የሚገፋፋው ነገር ይኖራል፤ ባይገፋፋው እንኳ ሠራተኛውና ታካሚው እንዲህ ብለው መጠርጠራቸው አይቀርም። ክፍያው በቀንና በዲዩቲ ቢሆን ይህ ሁሉ ይቀራል። ሁለተኛው፣ ለቋሚው ሐኪም የሚሰማውን ማሰብ ነው። ለዓመታት በዚያ ወረዳ የቆየ ጠቅላላ ሐኪም ለአንድ ወር የመጣው ባልደረባው የእርሱን ሦስት ወር ደመወዝ እንደሚያገኝ ካወቀ፣ ሆስፒታሉ አንዱን ክፍተት ሲደፍን ሌላ ከፈተ ማለት ነው። መፍትሔው ልዩነቱን መደበቅ አይደለም፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ ይህን ዓይነት ነገር መደበቅ አይቻልም። ቋሚ ሐኪሙ ለሚሸፍነው ተጨማሪ ዲዩቲ ተመጣጣኝ ክፍያ፣ ወይም ጊዜያዊው ሐኪም በሚቆይበት ጊዜ የተረጋገጠ ዕረፍት እንዲያገኝ ማድረግ የተሻለ ነው።

4. ፈቃዱን፣ ልምዱንና ውሉን ማጣራት

የሙያ ፈቃድ ሳይታይ ሐኪም ታካሚ አይነካም። ፈቃዱ ጸንቶ ያለ መሆኑ ፎቶ ኮፒ በማየት ብቻ ሳይሆን ከሰጠው ጤና ሚኒስቴር ወይም ክልል ጤና ቢሮ ተጠይቆ ይረጋገጣል። ለሌላ የመንግሥት ተቋም የሚሠራ ሐኪም ከሆነ ከአሠሪው ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ በዓመት ፈቃዱ መጥቶ ከሆነም ይህ በግልጽ ይጻፋል። ከውጭ አገር የሚመጣ ሐኪም በዚያ አገር ያለው ፈቃድ እዚህ እንዲሠራ አያስችለውምና ጊዜያዊ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ይህ ደግሞ የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጥን ስለሚጠይቅ ጊዜ ይወስዳል፤ የአውሮፕላን ትኬት ተቆርጦ ከተጀመረ ረፍዷል።

የሥራ ልምድ ወረቀት ስለ ሐኪሙ ችሎታ የሚነግረው ጥቂት ነው። ሜዲካል ዳይሬክተሩ በመጨረሻ የሠራበትን ሆስፒታል ኃላፊ በስልክ ቢያነጋግር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ብዙ ይረዳል። የሚጠየቀው ጥያቄም ግልጽ መሆን አለበት፦ በቅርብ ጊዜ ራሱን ችሎ ምን ያህል ጊዜ ቀዶ ሕክምና ሠርቷል? ከልክ በላይ የደም መፍሰስ ሲያጋጥመው ምን አደረገ? ሲቸገር ይደውላል ወይስ ይደብቃል? የመጨረሻው ጥያቄ በእኔ ግምት ከሁሉ ይበልጣል፤ ብቻውን በሌሊት የሚቀመጥ ሐኪም እርዳታ የመጠየቅ ልማድ ከሌለው ችሎታው ራሱ አደጋ ይሆናል።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም፣ ግን የሚከተሉትን በማያሻማ ቃል መያዝ አለበት፦ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የሥራ ሰዓትና የዲዩቲ ብዛት፣ የክፍያው መጠንና ቀን፣ ማረፊያና መጓጓዣ በማን እንደሚሸፈን፣ የሕክምና ስህተት ክስ ቢነሳ የሆስፒታሉ ድርሻ ምን እንደሆነ፣ ከማለቂያው በፊት መሄድ ከፈለገ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚያሳውቅ፣ በመጨረሻም የካርድና የርክክብ ሥራው እስኪጠናቀቅ የክፍያው አንድ ክፍል የሚቆይ መሆኑ። የመጨረሻው ሐሳብ ለአንዳንድ ሐኪም አያስደስትም። ሆኖም ያለ እርሱ ርክክብ በጨዋነት ላይ ብቻ ይመሠረታል።

5. የሚሠራውንና የማይሠራውን በጽሑፍ መወሰን

ሐኪሙ በመደበኛ ሥራው የሚሠራው ነገር ሁሉ እዚህ ሊሠራ ይችላል ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ ልዩ ሐኪም በከተማው ያለ ሐሳብ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና፣ የተሟላ ክትትል ክፍል በሌለበት ሆስፒታል ውስጥ ሊሞከር የማይገባው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሜዲካል ዳይሬክተሩና ሐኪሙ በአንድ ገጽ ላይ ይስማማሉ፤ ያለ ምክክር የሚሠራቸው፣ በስልክ ከሪፈራል ሆስፒታሉ ልዩ ሐኪም ጋር ተመካክሮ የሚሠራቸው፣ በማንኛውም ሁኔታ አረጋግቶ የሚልካቸው ተብለው ይለያሉ። የሚደወልለት ልዩ ሐኪም ስም፣ ተለዋጭ ቁጥርና የሚገኝበት ሰዓት ከገጹ ግርጌ ይጻፋል።

በበጎ ፈቃድ ለሚመጡ ቀዶ ሐኪሞች አንድ ተጨማሪ ሕግ ያስፈልጋል። በቀጠሮ የሚሠሩ ቀዶ ሕክምናዎች በቆይታው የመጀመሪያ ክፍል ይመደባሉ፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚሠራው ድንገተኛው ብቻ ነው። ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ሠርቶ ዓርብ የሚበር ሐኪም ቁስሉ ሲያመረቅዝ የለም፤ ቁስሉን የሚያየው ቋሚ ሐኪም ደግሞ በውስጡ ምን እንደተደረገ አላየም።

6. ከመምጣቱ በፊት የሚላክ የመረጃ ሰነድ

አዲስ ሐኪም የመጀመሪያ ሳምንቱን የሚያጠፋው ሕክምናውን በመማር ሳይሆን ቦታውን በመማር ነው። ከሁለት እስከ አራት ገጽ የሚሆን ሰነድ በቴሌግራም ቢላክለት ይህ ጊዜ ይቆጠባል። ሰነዱ ላቦራቶሪው የሚሠራቸውን ምርመራዎች፣ ራጅና አልትራሳውንድ ያለ መሆኑንና ማን እንደሚያነበው፣ በፋርማሲው ያሉትን መድኃኒቶች ዝርዝር፣ ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ በአምቡላንስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ሪፈር የሚባሉ ታካሚዎችን ጉዳይ የሚያስተባብረውን የሊያዞን ኦፊሰር ስልክ፣ የኔትወርክ ችግር ያለበትን የመንገድ ክፍልና የመብራት መጥፋት ሁኔታን ይይዛል።

የመድኃኒቱ ዝርዝር ከሚታሰበው በላይ ጥቅም አለው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ገበሬ ሕክምናውን ያለ ክፍያ የሚያገኘው መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲገኝ ነው። አዲሱ ሐኪም በከተማ የለመደውን መድኃኒት በስሙ ሲጽፍ፣ ታካሚው መድኑን በኪሱ ይዞ የግል ፋርማሲ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ገንዘብ ከሌለው ደግሞ ሳይገዛ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተመሳሳይ ጥቅም ያለውንና በፋርማሲው የሚገኘውን መድኃኒት በዝርዝሩ ላይ ማሳየት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

የአካባቢውን በሽታዎች የሚመለከተው ክፍልም ሊዘለል አይገባም። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ተምሮ የሠራ ሐኪም ጽኑ ወባ ሲታከም ብዙ ጊዜ አላየ ይሆናል። በሰነዱ ላይ የጽኑ ወባ ሕክምና በአርቴሱኔት መርፌ እንደሚጀመር፣ መጠኑ ከ20 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሕፃን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ላለው 2.4 ሚሊ ግራም እንደሆነ፣ መጀመሪያ እንደደረሰ፣ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት እንደሚሰጥ ቢጻፍ፣ በሌሊት መጽሐፍ መፈለግ አያስፈልገውም። በመተማና በሑመራ አካባቢ ደግሞ ሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና የደም ማነስ ያለበት የቀን ሠራተኛ ሲመጣ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) መጠርጠር አለበት። የእባብ ንክሻና የውሻ ንክሻ መድኃኒት የት እንደሚቀመጥም ይጻፋል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ ለሚመጣ ሐኪም በካርድ ላይ «2:00» የሚለው ጽሑፍ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው ወይስ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው የሚለው ግልጽ አይደለም። ነርሷ በእኛ ሰዓት ትጽፋለች፣ ሐኪሙ በፈረንጅ ሰዓት ያነባል፤ በየ12 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ስድስት ሰዓት ሊዘገይ ወይም ሊደገም ይችላል። ሆስፒታሉ አንዱን አቆጣጠር መርጦ «ጧት» ወይም «ማታ» የሚለውን ቃል ከሰዓቱ ጎን እንዲጻፍ ማዘዝ አለበት። ስለ ቀንና ዓመትም ነገሩ ያው ነው።

7. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት

በመጣበት ምሽት ዲዩቲ አይመደብም። ሁለት ቀን ከተሰናባቹ ወይም ከቋሚው ሐኪም ጋር አብሮ ራውንድ ይዞራል፤ የነዚህ ቀናት ክፍያ ትርፍ ወጪ አይደለም። የድንገተኛ ክፍሉን፣ የማዋለጃ ክፍሉንና የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ራሱ እየከፈተ ያያል፤ ኦክሲቶሲንና ማግኒዥየም ሰልፌት የት እንዳሉ፣ የሕፃናት መተንፈሻ ባሉን የሚሠራ መሆኑን፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ መክፈቻ ቁልፍ ከማን ዘንድ እንዳለ በእጁ ይፈትሻል። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ሲሊንደሩ ሞልቶ ቁልፉ ጠፍቶ የሚቆሙ ሰዎችን ያየ ሰው ያውቀዋል።

ከሚያገኛቸው ሰዎች መካከል አዋላጅ ነርሶች መቅደም አለባቸው። ቦታውን የሚያውቁት፣ የትኛዋ እናት ከየትኛው ቀበሌ ስንት ሰዓት ተጉዛ እንደመጣች የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። የአካባቢውን ቋንቋ የማይናገር ከሆነ በየፈረቃው የሚያስተረጉም ባለሙያ በስም ይመደብለታል፤ የታካሚዋ ልጅ ወይም ባል የእናቲቱን ምስጢር እንዲያስተረጉም መጠየቅ ተገቢ አይደለም።

ማረፊያውም ከዚሁ ጋር ይታሰባል። ውኃ ያለበት፣ የሚቆለፍ፣ ለሆስፒታሉ ቅርብ የሆነ ክፍል ከመምጣቱ በፊት ተጠርጎ ይጠብቀዋል። ከሆቴል ወደ ሆቴል እየተዘዋወረ ያደረ ሐኪም ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ አይመጣም።

8. በሥራው ላይ

አንድ ሐኪም ሰባት ቀን ሙሉ ቀንና ሌሊት ተረኛ ሊሆን አይችልም። ሆስፒታሉ አንድ ሐኪም ብቻ ካለው፣ ሐኪሙን በሌሊት የሚያስጠሩ ምክንያቶች በማዋለጃውና በድንገተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ተጽፈው ይለጠፋሉ፤ የቀረውን የጤና መኮንኑ ይዞ ያሳድራል። በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ዕረፍት ይሰጠዋል፣ በዚያ ቀን የሚመጣው ቀዶ ሕክምና የት እንደሚላክ ደግሞ አስቀድሞ ከአጎራባች ሆስፒታል ጋር ስምምነት ይደረስበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው 19 ነጥብ ያለው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር አዲስ ሰው ባለበት ቡድን ይበልጥ ያስፈልጋል። ከዝርዝሩ ነጥቦች አንዱ የቡድኑ አባላት በሙሉ ስማቸውንና ድርሻቸውን እንዲናገሩ ይጠይቃል። ለዓመታት አብሮ በሠራ ቡድን ይህ ሥነ ሥርዓት ይመስላል፤ ትናንት የመጣ ሐኪም ሲኖር ግን ማን ምን እንደሚያደርግ የሚታወቀው በዚያች ደቂቃ ነው።

የሥር ሰደድ በሽታ ታካሚዎችን በሚመለከት ጊዜያዊው ሐኪም መድኃኒት ከመቀየር መቆጠብ አለበት። የደም ግፊቷ በአንድ መድኃኒት የተስተካከለላት እናት በየወሩ በሚቀያየር ሐኪም በየወሩ መድኃኒቷ ሲቀያየር፣ ውላ አድራ የትኛውንም አትወስድም። መቀየር ግድ ከሆነ ምክንያቱ በካርዱ ላይ ይጻፋል።

ከሁሉ የሚረሳው የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ጊዜያዊው ሐኪም በድብደባ ወይም በፆታዊ ጥቃት የተጎዳ ሰው መርምሮ ለፖሊስ የሕክምና ማስረጃ ይሰጣል፤ ችሎቱ ግን ሐኪሙ ከሄደ ከወራት በኋላ ይቀጠርና መጥሪያው ሆስፒታሉ ይደርሳል። ስለዚህ የተሰጡ ማስረጃዎች በሙሉ በአንድ መዝገብ ተመዝግበው ሙሉ ስም፣ ፊርማና ቲተር እንዲኖራቸው፣ የሐኪሙ ቋሚ አድራሻም ከሰው ሀብት ክፍሉ ዘንድ እንዲቀመጥ ያስፈልጋል። የሚቻል ከሆነ ምርመራው ከአንድ ቋሚ ባለሙያ ጋር በጋራ ቢደረግ ምስክር አይጠፋም።

9. ርክክብ

ርክክብ የመጨረሻው ቀን ሥራ ነው ተብሎ ከታሰበ አይሠራም። ሐኪሙ ከመጣበት ቀን ጀምሮ በየዕለቱ የሚጻፍ አንድ የርክክብ መዝገብ በሜዲካል ዳይሬክተሩ ቢሮ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ተኝቶ ታካሚና ክትትል ለሚያስፈልገው ተመላላሽ አምስት ነገር ይጻፋል፦ ማን እንደሆነ ከካርድ ቁጥሩ ጋር፣ ችግሩ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተደረገለት፣ ምን እንደሚቀረው፣ እንዲህ ቢሆን ምን ይደረግ የሚለው። ብዙ ሐኪም አራቱን ይጽፋል፤ አምስተኛውን ይተወዋል። ለምሳሌ «ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፣ 3ኛ ቀኗ ነው» ከሚለው ጽሑፍ «ትኩሳት ከመጣ ቁስሉን ክፈቱ፣ ሆዷ ከተነፋና ካስታወካት ወደ ሪፈራል ላኩ እንጂ አትጠብቁ» የሚለው እጅግ ይሻላል። የሌሊቱ ተረኛ የሚፈልገው ይህን ነው።

ወደ ሌላ ቦታ የተላኩ ናሙናዎች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። የባዮፕሲ (ከሰውነት ተቆርጦ የሚመረመር ናሙና) ውጤት ሳምንታት ቆይቶ ሲመጣ ያዘዘው ሐኪም ከሌለ፣ ወረቀቱ በላቦራቶሪ መስኮት ላይ ይቀመጣል፤ ካንሰር የተገኘባት ሴትም ሳይነገራት ትቀራለች። በመሆኑም ጊዜያዊ ሐኪም የሚያዛቸው ዘግይተው የሚደርሱ ምርመራዎች ሁሉ ከስሙ ጎን የአንድ ቋሚ ባለሙያ ስም ተጽፎ ይላካሉ፣ የታካሚው ወይም የቅርብ ዘመድ ስልክም አብሮ ይመዘገባል። ስልክ ከሌለ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ይያዛል፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተዘረጋው ይህ መዋቅር የጠፋ ታካሚ ለማግኘት ከማንኛውም መንገድ ይሻላል።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ተተኪው ወይም ቋሚው ሐኪም አብሮ ይዞራል፣ መዝገቡን ሁለቱም ይፈርማሉ። ያልተጠናቀቁ ካርዶች፣ የሞት ማስረጃዎችና የመድን ቅጾች ይጠናቀቃሉ። ከዚያ በውሉ የቆየው ክፍያ በዚያው ቀን ይለቀቃል። ሐኪሙ ግዴታውን ጨርሶ ሳለ ገንዘቡን ለሳምንታት ማዘግየት ሆስፒታሉ በሐኪሞች ዘንድ ያለውን ስም ያጠፋል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ደግሞ ወሬ ፈጥኖ ይዛመታል።

10. መመዘንና ቀጣዩን መወሰን

ሐኪሙ ከሄደ ከአንድ ወር በኋላ ሥራው ይመዘናል። የቀዶ ሕክምናው አገልግሎት ስንት ቀን ተቋርጦ እንደነበር፣ ሪፈር የተባሉት ቁጥር ካለፈው ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሚመስል፣ ከሄደ በኋላ የተገኙ የቁስል መመረቅዞችና ዳግም የገቡ ታካሚዎች፣ አጠቃላይ ወጪው ይመዘገባል። አዋላጆቹና ነርሶቹ ሐኪሙን እንደገና ቢጠራ ይወዱ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅም ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ።

ቁጥሩ ሌላም ጥቅም አለው። አንድ የሥራ መደብ በዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ በጊዜያዊ ሐኪም የሚሸፈን ከሆነ ክፍተቱ ጊዜያዊ አይደለም፤ ያንን ወጪ ይዞ ለዞንና ለክልል ጤና ቢሮ ቋሚ መደብና የማቆያ ጥቅማ ጥቅም መጠየቅ ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2021 ያሻሻለው መመሪያ በሩቅ አካባቢ ባለሙያን ለማቆየት የሚመክረው ትምህርትን፣ ደንብን፣ ጥቅማ ጥቅምንና የሥራና የኑሮ ድጋፍን አብሮ መጠቀም ነው። ጊዜያዊ ሐኪም ከነዚህ በመጨረሻው ውስጥ ጥሩ ቦታ አለው። በአውስትራሊያ መንግሥት የሚደግፈው የገጠር ተተኪ ባለሙያዎች መርሐ ግብር ለምሳሌ ዋና ዓላማው የገጠሩ ሐኪም ዕረፍት ወይም ሥልጠና እንዲወጣ ማስቻል ነው። እኛም ጊዜያዊ ሐኪምን ክፍት መደብ ለመሸፈን ብቻ ሳይሆን ያለው ሐኪም ሳይሰለች እንዲቆይ ብንጠቀምበት፣ ያወጣነው ገንዘብ ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ለዚህ የሚያመቸው ጥቂት የታወቁ ሐኪሞች ያሉበት ዝርዝር ነው። በደንብ የሠራ ሐኪም በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወቅት እንዲመጣ በሄደበት ሳምንት ይጠየቃል፤ ቀኑ ይያዝለታል፣ የርክክብ መዝገቡም እስኪመለስ ድረስ ሆስፒታሉ ውስጥ ይቆያል። በሁለተኛው ጉዞው የመረጃ ሰነዱን በማስተካከል ይጀምራል፤ የሚጎድለውን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለምና።